ከፊኛ ላይ ሮኬት የሚተኩሱት ጎረቤቴ

ሰፈር ከተባለ ጠፈር ላይ ዓይኑን የጣለ አንድ ፍሪጅ ጠጋኝ አይጠፋውም። የእኛን "ክቡር ኢንጂነር" እንላቸዋለን፤ ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም።

የክቡርነታቸው እቅድ አጭር ነው። ትልቅ ፊኛ ትንሽ ሮኬት አንጠልጥሎ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሮኬቱ ብዙም ሳይደክም ይተኮስና የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ዕቃ ጠፈር ያደርሳል። "ከመሬት የሚነሳ ሮኬት እኮ ጉልበቱን የሚጨርሰው ከአየር ጋር ሲታገል ነው" ይላሉ፣ የሰው ፍሪጅ በርግደው እንደከፈቱ። ባለፍሪጇ በዓይኗ ቅቤዋን ትጠብቃለች።

ለጥያቄ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው። ነፋስ ቢወስደውስ? "ታስቦበታል።" የሰው ጣሪያ ላይ ቢወድቅስ? "ታስቦበታል።" የሒሳብ መምህርት የሆነችው ታናሽ እህታቸው ግን በዋዛ አትለቃቸውም።

"ወንድምዬ፣ ችግሩ ከፍታው ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ወጥቶ ይመለሳል እንጂ ምድርን አይዞርም።"

"ይመለስ። እኔስ በየቀኑ ወጥቼ እመለስ የለ?"

ባለፈው ወር ወርክሾፓቸው ግቢ ውስጥ የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። ፊኛው ተነፍቶ በገመድ ታስሯል፤ ሮኬቱ ከሥሩ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ተሰቅሏል። ክቡርነታቸው ከአሥር ወደ ታች እየቆጠሩ ሦስት ላይ ሲደርሱ አላስችል አለኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ ሲተኮስ ፊኛውን አይበሳውም?"

ሽቅብ አንጋጠው ከሮኬቱ አፍንጫ እስከ ፊኛው ያለውን ርቀት በዓይናቸው ለኩ። "ይቺ" አሉ በመጨረሻ፣ "ይቺ እየታሰበባት ነው።"

ከዚያ ወዲህ ሮኬቱ ጋደል ብሎ ነው የሚሰቀለው። እኔም ወሬውን ለመሥሪያ ቤቴ ሰዎች እያወራሁ ሳምንት ሙሉ ሳስቃቸው ከረምኩ።

ትናንት ከሰዓት በሬን አንኳኩ። የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱን የፈቃድ ቅጽ ይዘዋል፤ "ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት የሚወስድ" የሚለው ቦታ ባዶ ነው። እህታቸው ሒሳቡን ስለምታውቅ አልፈርምም ብላለች፤ የቀሩት ጎረቤቶች ደግሞ ጣሪያቸውን ስለሚወዱ። የማመልከቻው ቀን ሊያበቃ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ ካለፈ የሦስት ዓመት ልፋታቸው ውኃ በላው።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "አንተ ትስቃለህ እንጂ ክፋት የለብህም" አሉኝ። "እምቢ ብትል አልቀየምህም።"

ድምፃቸው እንዲህ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። አንጀቴን በሉት። ቅጹን አንብቤ ሳልጨርስ ፈረምኩ።

ከፊርማው ሥር "ከአመልካቹ ጋር ያለዎት ግንኙነት" የሚል መስመር ነበር። "ጎረቤት" ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ አሰብኩና ሰርዤ "የሥራ ባልደረባ" አልኩት።