«አላውቅም» ያሉት የኬሚስትሪ መምህር

«አላውቅም» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? አዋሽ ላይ መናኸሪያው የት እንደሆነ ብጠይቅ፣ ሦስት የማያውቁ ሰዎች በሦስት አቅጣጫ በልበ ሙሉነት ልከውኛል። ሰመራ ስማር ግን መምህር ታደሰ ነበሩን።

ስለ ሳሙና ሲያስተምሩን ፋጡማ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ቅንጣቶች መበታተን ይቀናቸዋል ብለውን ነበር። ታዲያ ሳሙናው ለምን የውሃው ገጽ ላይ ይሰበሰባል?»

«አላውቅም» አሉ። ጣሪያው የወረደብን ያህል ደነገጥን።

በማግስቱ መጽሐፍ ታቅፈው መጡ። «እያንዳንዱ የሳሙና ቅንጣት ረጅም ጭራ አለው፤ ጭራው ውሃ አይወድም። ውሃ ውስጥ ሲሆን በዙሪያው ያለው ውሃ ተጨናንቆ ይሰለፋል። ጭራው ወደ አየር ሲወጣ ውሃው እንደልቡ ይሆናል። የተበታተነው ውሃው ነው፤ እኔም ትናንት አላውቅም ነበር።»

አንድ ልጅ ከኋላ ተነሳ። «ቲቸር፣ እኔ የባለፈው ሳምንቱ ትምህርትም አልገባኝም።»

ሳቅ ስንጠብቅ ግማሹ ክፍል «እኔም» እያለ ተነሳ። ከተነሱት አንዱ የክፍሉ አንደኛ፣ እኔ ነበርኩ።