ካፖርቴ ላይ የቀሩት ተማሪዎች

ሥነ ጥበብ ማለት ሥራ የሌለው ሰው የሠራተኛን ቅዳሜ የሚያበላሽበት ዘዴ ነው። ይህን የምለው ተበሳጭቼ እንዳይመስላችሁ… እሺ፣ ተበሳጭቼ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በኤርፖርትና በሆቴል መካከል የሰው ሻንጣ ስጭንና ሳወርድ የምከርም ሹፌር ነኝ። ቅዳሜ የኔ ናት። ዴንቨር፣ ግሪን ቫሊ ራንች ያለው ቤቴ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ኮርኒስ ሳይ ብውል የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ ልጄ ሶስና የአርት ክላስ እስክትመዘገብ ድረስ።

ሶስና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አስተማሪዋ ከዴንቨር ወጣ ያለ ሙዚየም አይቶ ሁለት ገጽ ለጻፈ ተማሪ ኤክስትራ ክሬዲት፣ ማለትም ተጨማሪ ነጥብ፣ እሰጣለሁ ብላለች። የሰው ልጅ ሁሉ እዚሁ አጠገባችን ሊትልተን ደርሶ ተመልሶ ተገላገለ። የኔዋ ግን ኢንተርኔት ስትቆፍር ሰንብታ፣ ከኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ምሥራቅ፣ ከስንዴና ከነፋስ በቀር ምንም በሌለበት ሜዳ መሃል፣ ከተዘጋ ትምህርት ቤት የተሠራ ሙዚየም አገኘች። ሊትልተን ምን አጠፋች ብዬ ብጠይቃት፣ «ዳድ፣ ኤቭሪባዲ ሊትልተን ነው የሚሄደው» አለችኝ። ሰው ሁሉ የሚሄድበት ቦታ ቅርብ ስለሆነ እንደሚሄድ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ማስረዳት ከባድ ነው።

ይህን ምሬቴን ለጋሼ ዘለቀ በስልክ ማውራቴ ሌላ ጥፋት ሆነ። ጋሼ ዘለቀ የባለቤቴ የገነት አጎት ናቸው። አገር ቤት ሳሉ መምህር፣ ኋላም ርዕሰ መምህር ነበሩ። እዚህ መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ በር ላይ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ሲቀበሉ ኖሩ። አሁን ግሌንዴል፣ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ናቸው። ስለ ርቀቱ፣ ስለ ቤንዚኑ፣ ስለ ወገቤ ሳማርር ቆይቼ ስጨርስ እሳቸው የሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ትምህርት ቤት ነው ያልከኝ?» አሉ። ነበር፣ አሁን ግን ሙዚየም ነው አልኳቸው። «ስንት ሰዓት ትመጣለህ?» አሉኝ።

እንግዲህ ካርታውን አስቡት። ወደ ምሥራቅ ለመሄድ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ወደ ምዕራብ ነዳሁ። ጋሼ ዘለቀ ሙሉ ልብስ ከነከረባታቸው ለብሰው፣ የደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክተው አስፋልቱ ዳር ቆመዋል። ላየ ሰው ትምህርት ሚኒስቴር የላካቸው ተቆጣጣሪ ይመስላሉ። እኔም ከማን አንሼ ብዬ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የማወጣውን ጥቁር የሱፍ ካፖርቴን ለብሼ ነበር።

ከኦሮራ እንደወጣን ዓለም አለቀች። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሜዳው ቀጥ ያለ፣ አልፎ አልፎ አንድ የእህል ጎተራ ብቅ ይልና እሱም የተሳሳተ ቦታ እንደቆመ ሰው አፍሮ ወደ ኋላ ይቀራል። ሶስና ጆሮዋን በሙዚቃ ደፍና ተኛች። ጋሼ ዘለቀ መንገዱን ሙሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ባለ ሜዳ ልጆቹ ትምህርት ቤት በምን ይመጡ ነበር? አላውቅም አልኳቸው። ማወቅም አልፈለግኩም።

ከተማዋ ጎተራ፣ ፖስታ ቤትና ትምህርት ቤቱ ናት። ቀይ ጡብ፣ ረጃጅም መስኮት፣ ሰንደቅ ዓላማ የሌለው የሰንደቅ ዓላማ ዘንግ። ሃምሳ መኪና በሚያስቆም ባዶ ግቢ ውስጥ ፓርክ አደረግኩ። በሩን የከፈቱልን ሰማንያ ዓመት የሚጠጉ ቀጭን ሴትዮ፣ ሚስ ጆይስ ይባላሉ። ቀኝ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ከተውት ነበር። በዚያ ሳምንት የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች እኛ መሆናችንን በደስታ ነገሩን። እኔ በሆዴ፣ የመጨረሻዎቹም እኛ ነን አልኩ። ስለ ክፍሎቹ የሚያስረዳ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። ሳላነበው ኪሴ ከተትኩት። ይህን ወረቀት ባነበው ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ነገር አይኖርም ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ አርባ የሚሆን አሮጌ የካውቦይ ጫማ በክር ተንጠልጥሏል። ርዕሱ «ስደት» ይላል። ጋሼ ዘለቀ ሱዳን ድረስ በእግራቸው የሄዱ ሰው ናቸው። ጫማዎቹን አንድ በአንድ ዞረው ካዩ በኋላ፣ በለሆሳስ፣ ይሄ ሁሉ ጫማ ካላቸው ለምን ተሰደዱ ብለው ጠየቁኝ። ሁለተኛው ክፍል ጨለማ ነው፤ የቆመ ትራክተር ሞተር ድምፅ ብቻ ይሰማል። የቆመ ሞተር ምን ድምፅ አለው አትሉኝም? እኔም ያንኑ አልኩ። ሦስተኛው ክፍል ወንበሮቹ በሙሉ ኮርኒሱ ላይ ተገልብጠው ተቸንክረዋል። ሶስና ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ፎቶ ታነሳ ጀመር። ከቤቴ ሶፋ ላይ ሆኜ በነጻ የማየውን ኮርኒስ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነድቼ መጥቼ ቀና ብዬ አየሁ። ይህን ሁሉ ትችቴን ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ፣ ሚስ ጆይስ አጠገቤ ቆመው ፈገግ ሲሉልኝ እያወረድኩት ነበር። አማርኛ አለመቻላቸው ደፋር አድርጎኛል።

አራተኛው፣ የመጨረሻው ክፍል፣ የእውነት የመማሪያ ክፍል ነው። ዴስክ አለ፣ የመምህር ጠረጴዛ አለ፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ በግራ በኩል በነጭ ጠመኔ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በቀኝ በኩል ከላይ ወደ ታች የስም ዝርዝር ተጽፏል። ጋሼ ዘለቀ በር ላይ ሲደርሱ ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ ግን፣ እንዲህስ ከሆነ እኔም አርቲስት ነኝ አልኩ። ሶስናን ጠርቼ፣ እናትሽ መምጣታችንን እንድታምን አንድ ፎቶ አንሺኝ አልኳትና፣ እጄን አጣምሬ፣ አንድ እግሬን አጥፌ፣ ሰሌዳውን ደገፍ አልኩ።

«ዳድ…» አለች ሶስና። ካነሳች በኋላ ነው እንዲህ ያለችው።

ዞር ስል የስም ዝርዝሩ ግማሽ የለም። ካፖርቴ ጠርጎታል። ሚስ ጆይስ በሩ ላይ ቆመዋል። አልጮሁም፤ ቢጮሁ በተሻለኝ ነበር። ወደ መጀመሪያው ረድፍ ሄደው ለልጅ የተሠራው ዴስክ ላይ ተቀመጡና ሰሌዳውን ያዩ ጀመር። ወረቀቱን ያኔ ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩት። ትምህርት ቤቱ የተዘጋ ዕለት መምህርቷ በሰሌዳው ላይ ለመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ተማሪዎች መሰነባበቻ ጻፈች፣ ስማቸውንም ዘረዘረች፤ ከዚያ ወዲህ ጽሕፈቱን ማንም አልነካውም ይላል። መምህርቷ ሚስ ጆይስ ናቸው።

ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ደጋግሜ ጠየቅኩ። ሰው ሲደነግጥ እንደሚያደርገው መፍትሔም አበዛሁ። ፎቶ የለም ወይ አልኩ። አንድ ብቻ አለ፤ ወረቀቱ ላይ የታተመው። እሱም በመስኮቱ ብርሃን ምክንያት ቀኝ ጎኑ ነጭ ሆኗል፤ ልክ እኔ የተደገፍኩበት ቦታ። ሶስና ያነሳችው ፎቶ ላይ ደግሞ የጠፋው ሁሉ ከኔ ጀርባ ነው፤ ከፊት ለፊት እኔ እንደ ሞዴል እግሬን አጥፌ ቆሜያለሁ። እርስዎ እንደገና ይጻፉት አልኳቸው። ሚስ ጆይስ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። እጁ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል።

ይሄኔ ጋሼ ዘለቀ ሰሌዳውን ትተው ካፖርቴን አዩ። መጥተው ከኋላዬ ቆሙና፣ «ዙር፤ ግድግዳውን እይ» አሉኝ። ዞርኩ። ካፖርትህን እንዳትነካው አሉ። ከዚያ ሶስናን ጠርተው ጀርባዬን በፎቶ አስነሱና ፊደሉ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ እንዲገለበጥ አደረጉ። ለካ የጠመኔው ጽሕፈት ተገልብጦ ሱፉ ላይ ተለጥፎ ኖሯል። እኔ አፍንጫዬ ግድግዳ ሊነካ ደርሶ፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ እንደተቀጣ ተማሪ ቆሜ፣ ከኋላዬ ሦስት ሰው ጀርባዬን ያነባል። ዌንዲ፣ ሙሉ ነበረች። ካርልም ሙሉ ነበር። ከሦስተኛው መጨረሻው ብቻ ተገኘና ሚስ ጆይስ ወዲያው ሌስተር መሆኑን አወቁት።

ዘጠነኛው ስም ግን ካፖርቴ ላይም የለም፤ ደመና ሆኗል። ሚስ ጆይስ አሰቡ። አንዲት ልጅ ናት አሉ። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሁለት ወር ሲቀረው መጣች። አባቷ ለአዝመራ ሥራ መጥቶ ነበር፤ ሲጨርስ ሄዱ። ጠጉሯንም፣ አረንጓዴ ጃኬቷንም አስታወሱ። ስሟ ግን ጠፋባቸው። እያደር ድምፃቸው ተለወጠ። ሌሎቹ ተማሪዎች አድገው፣ ወልደው፣ እየመጡ ስማቸውን አይተው ይሄዳሉ፤ እሷ ብቻ አልመጣችም፤ አንድ ቀን ብትመጣስ ስሟን አጥፍቼ ምን እላታለሁ አሉ። ያጠፋሁት እኔ ሆኜ ሳለ «አጥፍቼ» ማለታቸው አንጀቴን በላው። ከግድግዳው ፊቴን ላለመመለስ ምክንያት ስላገኘሁ ደስ አለኝ።

ጋሼ ዘለቀ በዚያ በቀስታ እየለቀሙ በሚናገሩት እንግሊዝኛቸው፣ ተማሪን በማሰብ አይገኝም፣ ስም ይጥሩ አሏቸው። እንዴት አሉ ሚስ ጆይስ። እንደ ድሮው፣ ጠዋት እንደሚጠሩት፣ ከላይ ጀምረው ሳያቆሙ አሏቸው። ሚስ ጆይስ አመነቱ። ከዚያ ተነስተው ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ሲሄዱ እርምጃቸው ተሰማኝ። የመጀመሪያውን ስም ጠሩና ቆም አሉ።

«አቤት» አሉ ጋሼ ዘለቀ፣ ከኋላ ዴስክ።

ሚስ ጆይስ ቃሉ ምን እንደሆነ አልጠየቁም። ሁለተኛውን ጠሩ። አቤት። ሦስተኛውን ጠሩ። አቤት። አራት፣ አምስት፣ ዌንዲ፣ ካርል… ድምፃቸው ከስም ወደ ስም እየፈጠነ፣ እየጠነከረ ሄደ፤ የተማሪ ጫጫታ የሚያስቆም ድምፅ ሆነ። ከሌስተር ቀጥሎ ትንፋሽ ሳይወስዱ «ማሪሴላ» አሉ።

ጋሼ ዘለቀ «አቤት» ማለት ረሱ። ሶስና ናት ከመስኮቱ በኩል «ሂር» ያለችው።

የቀረውን ጋሼ ዘለቀ ሠሩት። ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ያልጠፉትን አምስት ስሞች ፊደል በፊደል አጠኑ። የእጅ ጽሕፈት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ የሚስ ጆይስን የፊደል አጣጣል እስኪይዙ ድረስ በአየር ላይ በጣታቸው ተለማመዱ። አራቱን ስም ሲጽፉ ጠመኔው አንዴም አልጮኸም። ሚስ ጆይስ ቀርበው አይተው፣ ያቺ የፊደሉ ማጠፊያ የኔ ናት አሉ። ልሂድ ስል ካፖርቴን የሚያራግፍ ብሩሽ ሊያመጡልኝ ሞከሩ። አይሆንም አልኩ፤ ለምን እንዳልኩ አልተጠየቅኩም።

ስንመለስ ነዳጅ ልቀዳ መንገድ ላይ ቆምኩ። ለጋሼ ዘለቀ ሻይ ገዝቼ፣ እጃቸው በጠመኔ ነጭ ስለነበር መጥረጊያ ሶፍት ሰጠኋቸው። ሶፍቱን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ሻዩን በግራ እጃቸው ጠጡ። እኔም ግሌንዴል እስክንደርስ ስለ ሥነ ጥበብ የነበረኝን ትችት ለሌላ ቀን አስተላለፍኩት።

ቤት ስገባ ገነት ከሆስፒታል ፈረቃዋ ተመልሳለች። ካፖርቴን ኮሪደሩ ላይ፣ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ሰቅዬ ወደ ኩሽና ገባሁ። ወዲያው ጠራችኝ። ስወጣ መስታወቱን እያየች ነው። የካፖርቴ ጀርባ መስታወቱ ውስጥ ተገልብጦ ልቅም ብሎ ይነበባል።

«ዌንዲ ማን ናት?» አለችኝ።

ተማሪ ናት ብዬ ጀመርኩ። ሰሌዳ፣ ጡብ፣ ስንዴ እያልኩ ብዙ ተናገርኩ። በተናገርኩ ቁጥር ነገሩ እየባሰ እንደሚሄድ ራሴም እሰማዋለሁ። ሶስና ጆሮዋን ደፍና ክፍሏ ገብታለች። በመጨረሻ፣ ካላመንሽኝ አጎትሽን ጠይቂ አልኳት። ደወለች። ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማው አድርጋ፣ ጋሼ፣ ይቺ ዌንዲ የምትባል ማን ናት ብላ ጠየቀቻቸው።



«ጥሩ ልጅ ናት» አሉ ጋሼ ዘለቀ። «ዛሬም አልቀረችም።»