አምስት ጣሳ ምስር፣ አንድ ባልዲ ውሃ

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ ሽንት አይደለም!

ይህን የምጽፈው ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው። ሱሪዬ ከጭኔ እስከ ጉልበቴ ርሷል። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አይተውኝ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለዋል።

ምስር ነው። እውነቴን ነው፣ ምስር!

ከሥሩ ልንገራችሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። መንገዱ ያንገጫግጫል፣ አንዳንዱ ነገርም ቶሎ አይወጣልኝም።

ታላቅ ወንድሜ በመጋቢት ሞተ። አያ ነበር የምለው። ጃናሞራ ውስጥ ገበሬ ነበር። ሲታመም ለሕክምና ጎንደር መጣና አዘዞ በተከራየኋት ክፍል ከእኔ ጋር ሰነበተ። አንድ ወር ከአሥር ቀን።

ሲመጣ በጨርቅ ከረጢት ምስር ይዞ ነበር። ከሐኪም ቤት ሲመለስ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ትሪ ላይ አፍስሶ ይለቅማል። ደቃቁና የተሰበረው ወደ ጣሳ፣ ትልልቁ ተመልሶ ወደ ከረጢት። የጣሳውን ቀቅሎ እንበላለን። የከረጢቱን አይነካውም።

ለምን? አልጠየቅኩትም። እሱ ይለቅማል፣ እኔ ስልኬን አያለሁ። እንዲህ ነበር የምንውለው።

እኔ ግን በራሴ ደመደምኩ፦ ትልልቁን የሚያስቀምጠው ለእንግዳ ነው።

(ሳቁ። ፈቅጃለሁ።)

ሰኞ ዕለት የአያ ሚስት ደወለች። እታለም ነው የምላት። «ማሩ፣ ረቡዕ እመጣለሁ። የወንድምህን ዕቃ አዘጋጅልኝ» አለች። ጋቢውን አጠብኩ። ሸሚዞቹን አጣጠፍኩ። ዱላውን ከበሩ አጠገብ አቆምኩ።

ምን ላብላት? ፍልሰታ ነው፣ እንቁላል ጠብሼ አላመልጥም። ቀና ስል ከረጢቷ ከምስማሩ ላይ ተንጠልጥላለች።

እንግዳ አለ። የእንግዳ ምስር አለ። ምን ቀረ?

ማብሰል። እሱ ብቻ ቀረ!

ቪዲዮ ከፈትኩ። ሴትዮዋ ድፍን ምስር ከተዘፈዘፈ ቶሎ እንደሚበስል አስረዳች። ምን ያህል እንደሚዘፈዘፍም ሳትናገር አትቀርም። እኔ ያን ቦታ አሳልፌዋለሁ። ትናንት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ከረጢቷን ባልዲ ውስጥ ገልብጬ ውሃ ሞላሁባት።

አምስት ጣሳ። ለሁለት ሰው!

ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ስመለስ ምስሩ አብጦ የባልዲውን ክዳን አንስቶታል። አንድ ድስት ሙሉ ቀዳሁና ቀቀልኩ። ሽንኩርቱ አረረ፣ ሌላ ከተፍኩ። እሱም ሊያር ሲል ውሃ ደረሰለት። ግን በሰለ! ጣፈጠም። ከረጢቷንም አጥቤ ገመድ ላይ አሰጣኋት። ንጹሕ ሰው ነኝ።

ወደ ማታ እታለም ደረሰች። ጋቢውን ስታይ አለቀሰች። እኔም። ከዚያ እጇን ታጠበችና ጎረሰች።

«ሸጋ ምስር ነው! ማን ሠራልህ?»

«እኔ!»

«ውሸታም። ምስሩንስ ከየት ገዛኸው?»

«አልገዛሁትም። አያ የለቀመው ነው።»

ሁለተኛውን ጉርሻ በአፏ እንደያዘች አየችኝ።

«ከረጢቱ የታለ?»

«አጥቤዋለሁ» አልኳት። በኩራት!

የጎረሰችውን ዋጠች። ቀስ ብላ።

«ዘር እኮ ነው፣ ማሩ።»

ለካስ አያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከማሳው ደህና ደህናውን እየለቀመ ያቆየው ዘር ነው። አምና የጎረቤቱን ምስር ሁሉ ዋግ ሲመታው የእሱ ቆሟል። እታለም ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችው ለጋቢ አይደለም። ከቤቷ ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት በዚያ ዘር ልታዘራ ነው። ሌላ የቀረ የለም። ያለው ሁሉ ባልዲዬ ውስጥ ነው።

እና ሆዳችን ውስጥ።

የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ! ዘጠነኛ ክፍል እስክገባ እዚያው ነው ያደግኩት። ባዮሎጂ ላይም ባቄላ በእርጥብ ጥጥ አብቅዬ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ሙሉ!

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ባልዲው ዘንድ ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። አንዷን ፍሬ በጥፍሯ ከፈለችና መብራት ሥር አየቻት።

«አልሞተም። ውሃውን ድፋ።»

ከዚያ መሬቱን ለሚያርስላት ጎረቤት ደወለች። «አያ ሞላ፣ ከነገ ወዲያ በማለዳ ጥመድልኝ። የለም፣ ፍልሰታ እስኪያልፍ አይቆይም። ምስሩ ሊበቅል ነው... ኧረ ማሳ ላይ አይደለም፣ ባልዲ ውስጥ!»

የአያ ሞላ ሳቅ እኔ ድረስ ተሰማ።

«አገሩ ሁሉ ሊሰማ ነው» አልኳት።

«ይስማ። ደግሞ የምትዘራው አንተ ነህ። አንተ ነህ የዘፈዘፍከው፣ አንተው ትዘራዋለህ።»

ሥራ ቦታዬ ደውዬ ሁለት ቀን አስፈቀድኩ። ምክንያቱን ግን አልተናገርኩም።

ዛሬ ጠዋት የአውቶቡሱ ረዳት ምስሩን የመለስንበትን ከረጢት ጣሪያ ላይ ሊሰቅለው ፈለገ። እታለም ፀሐይ ያደርቀዋል ብላ እምቢ አለች። ስለዚህ ጭኔ ላይ ነው። ገና ጎንደርን ሳንወጣ መንጠባጠብ ጀመረ።

«ምንድን ነው የሚፈሰው? ዓሣ ነው?» አለ ረዳቱ።

«ምስር ነው።»

«ወጥ ይዘህ ነው የምትሳፈረው?»

«የለም፣ ወጡ እሷ ጋ ነው» አልኩት።

ለምን እንደተናገርኩ አላውቅም። ግን እውነት ነው። የተረፈውን ወጥ እታለም በሳህን ቋጥራ ይዛዋለች። ልጆቹ ይቅመሱት፣ የአባታቸው ነው ብላ።

አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ከፊት የተቀመጡት ግን ሱሪዬን አዩ እንጂ የከረጢቱን ነገር አልሰሙም። ሽማግሌውም ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል መሰለኝ፣ ጠጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«አይዞህ ልጄ፣ በሽታ ነው፣ በሰው ይደርሳል። ረዳቱን ንገረው፣ ያስቆምልሃል።»

ሹክሹክታ መስሏቸው ነው። አውቶቡሱ ሁሉ ሰማ!

እታለም ከኋላዬ ናት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ስለዚህ ሽማግሌውን አላረምኳቸውም። ይሁን። ሽንት ነው።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ። ገበሬ የሆናችሁ፣ የገበሬ ልጅ ሆናችሁ እንደ እኔ ያልሆናችሁ፦ ተዘፍዝፎ ነገ ሲዘራ ሁለት ሌሊት የሚሞላው ምስር ይበቅላል? እጄን ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ ነበር፣ ሞቅ ብሏል። ሙቀቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? «አይዞህ» ብቻ አትበሉኝ፣ እሱን ሽማግሌው ብለውኛል። ከደባርቅ ወዲያ ኔትወርክ ስለማላገኝ ቶሎ ኮሜንት ላይ...

ቆይ።

ምን ነክቶኝ ነው ስልክ ላይ የምጠይቀው? መልሱን የምታውቀው ከኋላዬ ተቀምጣለች!

ስልኩን ልዝጋና ልጠይቃት።