ሁለት መጻሕፍት፣ አንድ ኩርፊያ

ሰው የሚኳረፈው በትልቅ ነገር ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለችው ጠባብ ቢሮዬ መጥቶ አንድ ቀን ይዋል። ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ወንድም ወንድሙን በአንድ ክንድ አጥር፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በውሃ መውረጃ የሚከስበትን ወረቀት ሳዘጋጅ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ሁሉም «እውነቱ ይሄ ነው» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔም ብዕሬን ከማንሳቴ በፊት «ያኛው ወገንስ ምን ይላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ደንበኞቼ ይህን ጥያቄ አይወዱትም። ጥሩ ጥያቄ ነው ግን። ለሰው ስጠይቀው ማለቴ ነው።

ከዚህ ከተከበረ ሥራዬ ጎን ለጎን አንድ ሱስ አለብኝ፤ የሮክ ሙዚቃ። አትሳቁ። ባለቤቴ «ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ በረዶ» ትለዋለች፤ እኔ ግን ያለሱ ሸሚዝ መተኮስ አልችልም። ከሁሉም አስበልጬ የምወደው አንድ የፈረንጅ ባንድ ነው። ስሙን ብጠራው ግማሻችሁ አላውቀውም ትላላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ የሚሻል ባንድ አለ ብላችሁ ትሟገቱኛላችሁና ይቅር። ይህን ሱስ ያስያዘኝ ጌጃ ሰፈር ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግነው አብሮ አደጌ ገዛኸኝ ነው። በወጣትነታችን አንዲት ካሴት ለሁለት ነበረችን፤ አንድ ሳምንት እሱ ጋ፣ አንድ ሳምንት እኔ ጋ። ባንዱ ተጣልቶ ሲበተን እኔ ከዘፋኙ ወገንኩ፣ እሱ ከጊታር ተጫዋቹ። ስንት ቅዳሜ በዚህ ስንሟገት እንደዋልን! ሰዎቹ እኮ ልደታ የምትባል ሰፈር መኖሯንም አያውቁም።

የተኮራረፍነው ግን በእነሱ አይደለም። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አባቴ ሲያርፉ ገዛኸኝ ቀብር አልመጣም። ድንኳኑ እስኪነሳ ጠበቅሁት። አልመጣም። ለቅሶ የቀረ ወዳጅ ምን እንደሚባል መቼም አልነግራችሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ መንገድ ማዶ ቆሞ ሳየው ፊቴን አዞርኩበት፤ ማዞሬንም ለሰው ሁሉ እንደ ጀብዱ አወራሁት። በዚያው ቀረን።

በቅርቡ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት የምትሸጠው ሰላማዊት ደወለችልኝ። «ጋሼ ደረጀ፣ የእርስዎ ሰዎች መጥተውልዎታል» አለች። ታክሲ ሳልጠብቅ በእግሬ ገሰገስኩ። እውነትም መጥተዋል፤ ለዚያውም ሁለት መጽሐፍ ሆነው። አንዱን ዘፋኙ ጽፎታል፣ ሌላውን ጊታር ተጫዋቹ። ሁለቱንም ልወስድ እጄን ስዘረጋ ሰላማዊት ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻቸው።

«አንዱን ብቻ ነው የምሰጥዎት። ሌላ ደንበኛም ሲጠይቁኝ ነው የከረሙት። እርስዎ ስለቀደሙ ይምረጡ፤ የቀረው የእሳቸው ነው።»

«ማናቸው እሳቸው?»

«ሬዲዮ የሚጠግኑት፣ የጌጃ ሰፈሩ ጋሼ ገዛኸኝ።»

መጻሕፍቱን ቆሜ አገላበጥኩ። የተለያዩበትን ቀን ከሁለቱም ፈልጌ አነበብኩ። ዘፋኙ «ጥሎኝ ሄደ» ይላል፤ ጊታር ተጫዋቹ «አባረረኝ» ይላል። የከሳሽና የተከሳሽ ወረቀት! ልቤ የዘፋኙ ላይ ነበር። ግን እሱን ከወሰድኩ ገዛኸኝ የሚወደውን የጊታር ተጫዋቹን መጽሐፍ አግኝቶ ደስ ሊለው ነው። አሥራ አራት ዓመት አኩርፌው፣ ጭራሽ በእኔ ምርጫ ደስ ይበለው? የጊታር ተጫዋቹን አንስቼ ብብቴ ሥር ከተትኩ። «የሌላውን ወገን ቢሰማ ይጠቅመዋል» አልኩ ለራሴ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

መጽሐፉን በምሳ ሰዓት ቢሮዬን ዘግቼ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ አነበብኩት። ለተንኮል የወሰድኩት መጽሐፍ እኔኑ ያዘኝ። ዕድሜ ልኬን ከሃዲ ስለው የኖርኩት ሰውዬ ሕመም ነበረበት፣ ፍርሃት ነበረበት። ከሁሉም ያስቀየመው ደግሞ በሄደበት ቀን «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው አለመኖሩ ነው። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። ለስንት መንገደኛ ስጠይቀው የኖርኩትን ጥያቄ ለአብሮ አደጌ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። የራስዋ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጌጃ ሰፈር ሄድኩ። ገዛኸኝ ፀጉሩ ሸብቷል። ሆዱ የተዘረገፈ ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የዘፋኙን መጽሐፍ ያነባል። ቀና ብሎ አየኝ።

«ሰላማዊት ነግራኛለች። ሆን ብለህ ነው ይሄኛውን የተውክልኝ፣ አይደል?» አለ፣ ያለ ሰላምታ።

«አዎ» አልኩት። ከዚያ ድፍረቱ ሳይከዳኝ፣ «የአባቴ ለቅሶ ለምን ቀረህ?» አልኩ።

መነጽሩን አውልቆ ስለ ባለቤቱ ነገረኝ። «ያን ቀን ወይንሸት ሆስፒታል ነበረች። በሰባት ወሯ ወለደች። ልጁ ሦስት ቀን ቆይቶ ሞተብን።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አባትህን ለቀበርክ ሰው? ቆይቼ ልነግርህ መጥቼም ነበር። መንገድ ማዶ አይተኸኝ ፊትህን አዞርክ።»

ምን ልበላችሁ። ለአሥራ አራት ዓመት በልቤ መዝገብ ከሳሽ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ለካ ድንኳን ያልተተከለለት አንድ ለቅሶ ነበረ፤ እኔም አልደረስኩም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እዚያ የሬዲዮ ብሎንና ሽቦ መሀል ሁለት ጎልማሶች ተቃቅፈን አልቀስን። በር ላይ ቻርጀር ሊያሠራ የመጣ ሰው አይቶን ቀስ ብሎ ተመለሰ።

እንባችንን ጠርገን ስንጨርስ ገዛኸኝ መጽሐፉን እያሳየኝ፣ «ይሄ ዘፋኝ ግን ተበድሏል እኮ» አለኝ። «ማን? እሱ? ጊታር ተጫዋቹን ያሰቃየው ማን ሆነና!» አልኩ። ወገን ተቀያይረን ድምፃችን መንገድ ድረስ ተሰማ። እንዴት እንደናፈቀኝ!

ከዚያ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ወሰደኝ። ወይንሸት በሩን ከፍታ ስታየኝ ደርቃ ቀረች። መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። «እግዜር ያጥናሽ» ብቻ አልኩ፤ «ዘገየሁ።»

በእኛ ሙያ ይርጋ የሚባል ነገር አለ፤ ጊዜው ያለፈበት ጉዳይ አይሰማም፣ መዝገቡ ይዘጋል። ወይንሸት ሕግ አልተማረችም። ዓይኗ እንባ እንደሞላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና፣ «ግባ» አለችኝ።