አሥሩም እኔ ነኝ

ዛሬ ቴፒ መናኸሪያ በር ላይ ሰዎች ስለ መጥፋቴ ሲያዝኑ ሰማሁ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር!

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምር።

የአንድ ሥዕል ትምህርት ቤት የህትመት ጥበብ ኮርስ በስልኬ እከታተላለሁ። የጀማሪ እንዳይመስላችሁ፣ ከፍተኛው ነው። ያለ አስተማሪ ተምሬ እዚህ መድረሴን ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምኮራበት ነገር የለም። እንጨት ትቀርጻለህ፣ ቀለም ትቀባለህ፣ ወረቀት አልብሰህ ጀርባውን በማንኪያ ታሻለህ። ከአንድ እንጨት የፈለግከውን ያህል ቅጂ።

የሰሞኑ አሳይመንት፦ አንድ ምስል በአሥር ቅጂ አትሙ፣ ምንም ጽሑፍ ሳትጨምሩ ሰው የሚበዛበት ለጥፉ፣ የአንድ ተመልካች አስተያየት ቃል በቃል ላኩ።

የራሴን ፊት መረጥኩ።

ለምን? እውነቱን ልናገር። ከማሻ መጥቼ ቴፒ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። የምሠራው ቡና ችግኝ ጣቢያ ነው፤ ችግኝ ደግሞ ወሬ አይወድም። ከአሥሩ አንዱን አይቶ «ይሄ ያ ዝምተኛው ልጅ አይደል?» የሚል አንድ ሰው ፈልጌ ነበር።

አንድ! ብዙ ነው?

ዋንዛ ጣውላ ላይ ሦስት ሳምንት ቀረጽኩ። የመታወቂያ ፎቶዬን እያየሁ፣ የቅንድቤን ፀጉር አንድ በአንድ። የግራ ቅንድቤን የሚያቋርጠው ጠባሳ ብቻውን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ዛሬ እሑድ ማለዳ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመናኸሪያው ጀምሬ መብራት ፖሎቹ ላይ ለጠፍኳቸው።

ሦስት ሰዓት ላይ ብመለስ መናኸሪያ በር ያለውን ፖል ሰው ከቦታል! ደስ ብሎኝ ደብተሬን አወጣሁ።

«ምስኪን! መቼ ይሆን የጠፋው?» አሉ ሙዝ የሚሸጡ አንዲት እናት።

የጠፋው?

«ስልክ እንኳን አልጻፉበትም እኮ» አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር። «ቤተሰቦቹ ደንግጠው ይሆናላ።»

ያኔ ገባኝ። እዚህ ፖል ላይ የሰው ፊት የሚለጠፈው ሰው ሲጠፋ ነው። ሥዕል ነው ብሎ ማን ያስባል?

ጉሮሮዬን ጠረግኩና በአሥራ አንድ ወር ውስጥ በጣም የደፈርኩትን ንግግር አደረግኩ። «እማማ፣ እኔ ነኝ።»

ሙዛቸውን አስቀምጠው አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝ። እኔን አዩ። ፖሉን አዩ።

«አይ ልጄ፣ አንተ አይደለህም። የሱ ጠባሳ በቀኝ ነው።»

በቀኝ!

ወገኖቼ፣ እንጨት ላይ የተቀረጸ ነገር ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግራው ቀኝ ይሆናል። ማኅተም የያዘ ጸሐፊ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ፣ የከፍተኛው ኮርስ ተማሪ፣ ፎቶዬን ሳልገለብጥ እንዳለ ቀረጽኩት። ሦስት ቀን የለፋሁለት ጠባሳ መሰከረብኝ!

«ደሞ እሱ መልከ መልካም ነው» አለ ባለ ባጃጁ።

ተባረክ ወንድሜ።

«እውነቴን ነው፣ እኔው ነኝ» አልኩ ድጋሚ። ሳቁብኝ። አፍሬ ልነቅለው እጄን ስዘረጋ እማማ ጮኹ።

«ተው! አትንካ! እናቱ የለጠፈችው ቢሆንስ? አንተ እናት የለህም?»

እናትማ አለችኝ። ማሻ ናት።

የራሴን ፊት እንዳልነካ ተከለከልኩ! ባለ ባጃጁ ምስሉን በስልኩ አንስቶ ለሹፌር ጓደኞቹ በቴሌግራም ላከው። እማማም በለሆሳስ «ካገኘኸው እኔ ዘንድ አምጣው፤ እህል ሳይቀምስ ውሎ ይሆናል» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ቤቴ ገብቼ አሳይመንቱን ላክሁ። የተመልካች አስተያየት፣ ቃል በቃል፦ «አንተ አይደለህም።»

አሁን ከሰዓት ነው። ባጃጆቹ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ልጁን ይፈልጉታል፤ እኔ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ጥሩምባቸውን እሰማለሁ።

እስቲ ፍረዱኝ፦ ቢገኝ ደስ ይበለኝ ወይስ ልቅናበት?