የወንዶች መረጃ

እኛ ወንዶች አናማም፤ መረጃ እንለዋወጣለን። ሐሜት ማለት እዚህ ሱዳን፣ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሴቶቹ ለራሽን ሲሰለፉ የሚያወሩት ነው። ልዩነቱ ግልጽ አይደለም?

አንድ ቀን በሻይ ቤቱ ራኩባ፣ በሣር ዳሱ ጥላ ስር ተቀምጠን አንዱ፣ «ፋሽጋ ሰሊጥ አጨዳ ላይ አንድ የጎንደር ሰው ትራክተር ገጭቶ ገደለው» አለ። ሌላው «ረጅም ነው አሉ» ሲል፣ እኔም «እንግዲያው ለአጨዳ የሄደው ጎረቤቴ አያሌው ነው» ብዬ አሟላሁት። ሻያችን ሳይቀዘቅዝ አያሌው ሞተ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለሚስቱ ለጥሩዬ መርዶ ልንነግር ሄድን። ከራሽን ሰልፍ የማትጠፋው እትዬ ዘውዴ መንገድ ላይ አስቁማን፣ «ለመሆኑ ሬሳውን ማን አየው?» አለች።

«ይሄ የሴት ወሬ አይደለም» አልኳት ኮስተር ብዬ።

በሦስተኛው ቀን አያሌው ሰሊጥ በከረጢት ተሸክሞ መጣ። ደጁ ላይ ለቀስተኛ ሲያይ ደንግጦ ከረጢቱን አወረደና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ነፍስ ይማር» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማን ሞቶብን ነው?»

ጥሩዬ ጸጉሯን ተላጭታ ከውስጥ ስታለቅስ ይሰማል። ሻይ ቤት መቀመጥ ከጀመርኩ ወዲህ መረጃ ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።