ያጋደለችው ሰንጢ

አዲስ ዕቃ ገዝተው እንከን ካላገኙበት እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? አንዷን ከአገሬ ወደ ጭሮ ስዛወር ይዣት መጥቻለሁ፤ እኔው ነኝ።

ከሰፈራችን ባለሱቅ ከሐጂ የገዛኋት ሰንጢ ስትታጠፍ ስለቷ የፀጉር ያህል ወደ ግራ ታጋድላለች። ሐጂ «ምንም ካልቆረጥሽባት እመልስልሻለሁ» ስላሉኝ፣ ልመልሳት ወይስ ትቅር እያልኩ ስጸልይ ሳምንቱን ሙሉ ብርቱካን በጥርሴ ላጥኩ። ለሰንጢ ይጸለያል? ይጸለያል። በመጨረሻ ወሰድኳት።

«ሐጂ፣ ታጋድላለች።»

«መቁረጡንስ ትቆርጣለች?»

«በምን አውቄ? ከቆረጥኩባት አይመልሱልኝም!»

«ወላሂ፣ አንቺ ልጅ!» አሉና ሰንጢዋን ተቀብለው አንድ ብርቱካን ለሁለት ከፈሉ። ግማሹን ሰጡኝ። «ይኸው ቆረጠች። እንግዲህ አትመለስም።»

ሰንጢዬን ይዤ ወጣሁ። የሰጡኝ ግማሽ ግን ከራሳቸው ግማሽ በመጠኑ ያንስ ነበር።